እርከንና አቻ፦ የሉክአፕ ታሪክ

ከአንድ ሰንጠረዥ የታወቀ ነገር ይዞ ወደ ሌላ ሰንጠረዥ መሄድና እዚያ ያልታወቀውን አግኝቶ መመለስ፣ በጽሕፈት ቤት ሥራ ውስጥ ከመደመርና ከመቀነስ ባልተናነሰ ተደጋግሞ የሚሠራ ሥራ ነው። የደመወዝ ሠራተኛው በአንድ ዝርዝር ላይ የሠራተኞች መለያ ቁጥርና በወሩ ውስጥ የሠሩበት ቀን፣ በሌላው ላይ ደግሞ ያው መለያ ቁጥርና የደመወዙ ልክ ተጽፎ ሲቀርብለት ሁለቱን የሚያገናኘው በዚህ መንገድ ነው፤ የመጋዘን ሠራተኛው የዕቃውን ኮድ ይዞ ዋጋውን፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊውም የተማሪውን ቁጥር ይዞ ውጤቱን የሚያገኘው እንዲሁ ነው። በስፕሬድሺት፣ ማለትም በረድፍና በዓምድ ተከፍሎ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ቁጥር፣ ጽሑፍ ወይም ፎርሙላ በሚያዝበት የኮምፒውተር ሰንጠረዥ ላይ፣ ይህን ሥራ የሚፈጽሙት ፋንክሽኖች በጥቅሉ ሉክአፕ ይባላሉ፤ ከእነርሱም መካከል ስሙ በብዛት የሚነሣው ቪሉክአፕ ነው።

ይሁንና በዚህ አንድ ስም ሥር ጠባያቸው የማይመሳሰል ሁለት ሥራዎች ተጠልለው ይኖራሉ። አንደኛው እርከን መፈለግ ሲሆን፣ አንድ ቁጥር በቅደም ተከተል ከተደረደሩ መነሻዎች መካከል በየትኛው ሥር እንደሚወድቅ ማወቅ ማለት ነው፤ ቁጥሩ ራሱ በሰንጠረዡ ላይ መገኘት የለበትም። ሁለተኛው አቻ መፈለግ ነው፤ እዚህ ላይ የተፈለገው ነገር ወይ አለ ወይ የለም፣ ለእርሱ የሚቀርበው ሌላ ነገርም መልስ ሊሆን አይችልም። የስፕሬድሺት ሉክአፕ የተወለደው ለመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ሲያገለግል የኖረው ግን በአብዛኛው ለሁለተኛው ነው፤ በልደቱና በአገልግሎቱ መካከል ያለው ይህ ክፍተትም አርባ ዓመት ሙሉ የስሕተት ምንጭ ሆኖ ቆይቷል።

አቻ መፈለግ ከኮምፒውተር እጅግ የሚቀድም ጥበብ ለመሆኑ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫ የሆነው ባሕረ ሐሳብ ጥሩ ምስክር ነው። ባሕረ ሐሳብ በከፊል ስሌት፣ በከፊል ደግሞ ሰንጠረዥ ነው። የ2017 ዓ.ም. ትንሣኤን ለማውጣት 5500 ዘመነ ብሉይ ከ2017 ዓመተ ምሕረት ጋር ተደምሮ 7517 ዓመተ ዓለም ይሆናል፤ ይህ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ ከዚህ ላይ አንድ ሲቀነስ ወንበር የሚባለው ቁጥር 11 ነው፤ 11 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዕ የሚባለው 29 ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ያለው ስሌት ነው። ቀጥሎ ይህ መጥቅዕ በመስከረም ወር የዋለበት ዕለት ይታያል፤ መስከረም 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ረቡዕ ነበርና ሊቁ የዕለታትን ተውሳክ፣ ማለትም ጭማሪ፣ ከያዘው ባለ ሰባት ረድፍ ሰንጠረዥ ረቡዕን ይፈልጋል። በዚያ ሰንጠረዥ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2 ተብለው ተቀምጠዋል። 29 እና 4 ተደምረው 33፣ በ30 ሲገደፍ 3 ይቀራል፤ ይህም መባጃ ሐመር የሚባለው ሲሆን፣ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ገባ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱን ጾምና በዓል ተውሳክ የያዘ ሁለተኛ ሰንጠረዥ ይገለጣል፤ በትንሣኤ አንጻር 9 ተጽፎ ስለሚገኝ 3 እና 9 ተደምረው ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ።

በዚህ አሠራር ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ሁለቱም ሰንጠረዦች አቻ ብቻ የሚቀበሉ መሆናቸው ነው። ረቡዕን የሚፈልግ ሰው ረቡዕን ቢያጣ ለእርሱ የቀረበችውን ማክሰኞን ይዞ ልሂድ አይልም፤ ቢል በዓሉ ይፋለሳል። ከአንዱ ሰንጠረዥ የወጣው መልስ ለሚቀጥለው ሰንጠረዥ መነሻ መሆኑም፣ ዛሬ አንዱን ሉክአፕ በሌላው ውስጥ ከሚያስገባው የስፕሬድሺት ባለሙያ ሥራ ጋር የአንድ እናት ልጅ ያደርገዋል።

እርከን መፈለግ ደግሞ ዋና ቤቱ ግብር ነው። በኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የወጣው የመቀጠር ገቢ ግብር ሰንጠረዥ፣ በ2017 ዓ.ም. እስኪሻሻል ድረስ፣ እስከ 600 ብር ያለውን ወርኃዊ ገቢ ከግብር ነፃ አድርጎ፣ ከ601 ብር ጀምሮ 10፣ ከ1,651 ጀምሮ 15፣ ከ3,201 ጀምሮ 20፣ ከ5,251 ጀምሮ 25፣ ከ7,801 ጀምሮ 30፣ ከ10,900 ብር በላይ ደግሞ 35 በመቶ ያስከፍል ነበር። ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ግብሩ ሲሰላ 6,000 የሚል ቁጥር በሰንጠረዡ ላይ የለም፤ መኖርም የለበትም። ሒሳብ ሠራተኛው መነሻዎቹን ከላይ ወደ ታች እያየ ይወርድና ከ6,000 የማይበልጠው የመጨረሻው መነሻ ላይ፣ ማለትም 5,251 ላይ ይቆማል፤ ከአንጻሩ 25 በመቶ እና ለዚያ እርከን የሚቀነሰውን 565 ብር ያነሣል፤ ከ1,500 ላይ 565 ቀንሶም 935 ብር ያገኛል። እዚህ ላይ መነሻዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደራቸው ግዴታ ነው፤ ያለ ቅደም ተከተል እርከን የሚባል ነገር የለምና።

አቻ የመፈለግን ሥራ በብዛት ለማሽን ያስረከበው የወረቀት ካርድ ዘመን ነው። ኸርማን ሆለሪት በ1890 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካን የሕዝብ ቆጠራ ለመሥራት ያቀረበው ማሽን በወፍራም ወረቀት ላይ የተበሳን ቀዳዳ በኤሌክትሪክ እያነበበ የሚቆጥር ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ ይበሳል፣ ካርዱም ይቆጠራል። መቁጠር ግን ማገናኘት አይደለም። የማገናኘቱ ጥያቄ ጎልቶ የወጣው በ1935 የአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ሲወጣ ነው፤ መንግሥት 26 ሚሊዮን ያህል ሠራተኞችን በየስማቸው መዝግቦ፣ አሠሪዎች በየጊዜው የሚልኩትን የደመወዝ ሪፖርት በእያንዳንዱ ሠራተኛ ሒሳብ ላይ መጻፍ ነበረበት። አንድ ካርድ ከአሠሪው ይመጣል፣ ሌላው ካርድ በመዝገብ ቤት ይገኛል፤ ሁለቱ የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚናገረው በሁለቱም ላይ የተበሳው ቁጥር ብቻ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አይቢኤም በ1937 ኮሌተር የተባለውን 077 የሚል ቁጥር የተሰጠውን ማሽን አወጣ። ማሽኑ ሁለት የካርድ መግቢያዎችና አራት መውጫ ኪሶች ነበሩት። በአንዱ መግቢያ የመጀመሪያው ክምር፣ በሌላው ሁለተኛው ክምር ይጫናል፤ ማሽኑ ከሁለቱ ክምሮች ፊት ያሉትን ካርዶች ቁጥር ያነጻጽርና እኩል ከሆኑ ሁለቱንም አንድ ላይ ያወርዳቸዋል፤ እኩል ካልሆኑ አነስተኛው ቁጥር ያለበትን ለብቻው ወደ ሌላ ኪስ ጥሎ ከዚያው ክምር የሚቀጥለውን ያመጣል። አቻ ያጣ ካርድ ስለዚህ በገዛ ኪሱ ውስጥ ተለይቶ ይቀራል፤ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛም ኪሱን ባዶ ሲያገኘው ሁሉም እንደተገናኘ፣ ካርድ ሲያገኝበት ደግሞ የቀረ ሰው እንዳለ በዓይኑ ያያል። ማሽኑ በደቂቃ 240 ካርድ ያስተናግድ ነበር። ሁለቱ ክምሮች አስቀድመው በዚያው ቁጥር ቅደም ተከተል መደርደር ነበረባቸው፤ አንድ ካርድ ከቦታው ቢናወጥ ማሽኑ አልፎት ይሄዳል። በ1937 ኮሌተር ላይ አቻ ያጣ ካርድ የሚወድቅበት ለብቻው የተሠራ ኪስ የነበረ ሲሆን፣ ከአርባ ዓመት በኋላ የመጣው የስፕሬድሺት ፍለጋ ግን እንዲህ ያለ ኪስ ሳይኖረው መወለዱ ከዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚያስገርመው ነገር ነው።

ያ ስፕሬድሺት ቪዚካልክ ነው። ዳን ብሪክሊን በ1978 በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሠራ ሰንጠረዥ አንድ ቁጥሩ ሲለወጥ የተቀረው ሁሉ እየተደመሰሰ ሲጻፍ በማየቱ ራሱን በራሱ የሚያድስ ሰንጠረዥ አሰበ፤ ጓደኛው ቦብ ፍራንክስተን ፕሮግራሙን ጻፈው፤ በ1979ም ለአፕል 2 ኮምፒውተር ለሽያጭ ቀረበ። ሰንጠረዡ 63 ዓምድና 254 ረድፍ ነበረው። ሉክአፕ በዚህ ፕሮግራም ውስጥ የተገኘው ከግብር የተነሣ ነው፤ ፍራንክስተን የራሱን ግብር በራሱ ፕሮግራም ለመሥራት ፈልጎ የግብር ሰንጠረዡን የሚያነብ ፋንክሽን እንዳስገባበት ራሱ ጽፏል። አሠራሩም የወረቀቱ አሠራር ነበር፦ የተሰጠውን ቁጥር ይዞ በተደረደረው ዓምድ ላይ ይወርዳል፣ የሚበልጠው መነሻ ሲያጋጥመው አንድ ረድፍ ይመለሳል፣ ከዚያም በቀኙ ካለው ዓምድ መልሱን ያነሣል። ስም ወይም ጽሑፍ መፈለግ አይችልም፤ የሚያውቀው ቁጥርን ብቻ ነው። ለግብር ከዚህ በላይ አያስፈልግም፤ ስለዚህ «አላገኘሁም» የሚል መልስ የሚያሻው ሁኔታ ለፈጣሪዎቹ አልታያቸውም ቢባል ሚዛናዊ ፍርድ ነው።

ሚች ኬፖርና ጆናታን ሳክስ በጥር 1983 ለአይቢኤም ፒሲ ያወጡት ሎተስ 1-2-3 አንዱን ሉክአፕ ለሁለት ከፈለው፤ ወደ ታች በዓምድ ለሚፈልገው ቪሉክአፕ፣ ወደ ጎን በረድፍ ለሚፈልገው ኤችሉክአፕ የሚል ስም ወጣ፤ «ቪ» እና «ኤች» ለቁልቁልና ለአግድም የቆሙ ፊደላት ናቸው። ከዚህም በላይ መልሱ ከአጠገቡ ዓምድ ብቻ መምጣቱ ቀርቶ፣ ተጠቃሚው ስንተኛው ዓምድ እንደሚፈልግ በቁጥር እንዲናገር ተደረገ። ሎተስ ይህን ቁጥር ከዜሮ ሲጀምር፣ በ1985 ለማኪንቶሽ፣ በ1987 ደግሞ ለዊንዶውስ የመጣው የማይክሮሶፍት ኤክሴል ከአንድ ጀመረ፤ ከሎተስ ወደ ኤክሴል የተሻገሩ ሒሳብ ሠራተኞች በዚህ አንድ ቁጥር ልዩነት ምክንያት የጎረቤቱን ዓምድ እያመጡ እንደሚቸገሩ መገመት አያዳግትም።

የፋንክሽኑን ዕጣ የለወጠው ግን ፋንክሽኑ ራሱ አልነበረም፤ የሰንጠረዡ ብዛት ነው። በቪዚካልክ ዘመን አንድ ፋይል አንድ ሰንጠረዥ ነበር። የማይክሮሶፍት መልቲፕላን በ1982 አንዱን ሰንጠረዥ ከሌላው ማገናኘት አስችሎ ነበር፤ የሎተስ ሦስተኛ እትም በ1989፣ ኤክሴል 5 ደግሞ በ1993 በአንድ ፋይል ውስጥ ብዙ ሺቶችን ደርድረው አቀረቡ። ሺቶቹ ከታች በስም በተጻፈባቸው ጆሮዎች ተለይተው ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ የሠራተኞችን ዝርዝር በአንዱ፣ የቀሪ መዝገቡን በሌላው፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥራቸውን በሦስተኛው መያዝ የተለመደ ሆነ። ከዚያ በኋላ የሉክአፕ የዕለት ተዕለት ጥያቄ «ይህ ቁጥር በየትኛው እርከን ይወድቃል» መሆኑ ቀርቶ «ይህ ሰው በዚያኛው ሺት ላይ አለ ወይ፣ ካለስ የእርሱ የሆነው ምንድን ነው» የሚል ሆነ። ለግብር የተሠራው መሣሪያ ሰው ፈላጊ ሆኖ ተቀጠረ።

ኤክሴል 5 ለዚህ አዲስ ሥራ መልስ የሚሆን አንድ ነገር ጨመረ። ቪሉክአፕ እስከዚያ ድረስ ሦስት ነገሮች ብቻ ይነገሩት ነበር፤ የሚፈለገው ነገር፣ የሚፈለግበት ሰንጠረዥ፣ መልሱ የሚመጣበት ዓምድ ቁጥር። አሁን አራተኛ ቦታ ተከፈተለት፤ በዚያ ቦታ «ፎልስ» ወይም ዜሮ ከተጻፈ አቻ ብቻ ይፈልጋል፣ ካጣም በሴሉ ውስጥ «የለም» የሚል ትርጉም ያለውን የኤንኤ ምልክት ያሳያል። በዚህ ምልክት ኮሌተሩ በ1937 የነበረው ኪስ ለስፕሬድሺትም መጣለት ማለት ነው። ነገር ግን አራተኛው ቦታ ባዶ ቢተው ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ አስቀድሞ በሦስት ነገር ብቻ የተጻፉ የቆዩ ፋይሎች ሳይዛቡ እንዲሠሩ ሲባል፣ ዝምታ እርከን መፈለግ እንደሆነ ተቆጠረ።

የዚህ ውሳኔ ዋጋ በትንሽ ምሳሌ ይታያል። በአንድ ሺት ላይ የሠራተኞች መለያ ቁጥር 104፣ 107፣ 112 እና 115 ተብሎ በአንጻራቸው ደመወዛቸው ተጽፏል እንበል። ቁጥር 110 የተሰጠው አዲስ ሠራተኛ ገና አልተመዘገበም። አራተኛው ቦታ በዝምታ የታለፈበት ቪሉክአፕ 110ን ሲፈልግ ከእርሱ የማይበልጠውን የመጨረሻ ቁጥር፣ ማለትም 107ን ያገኝና የ107ን ደመወዝ ለ110 ይሰጠዋል። ስሕተት የሚል ቀይ ምልክት የለም፤ ሴሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ደህና ደመወዝ ይመስላል፤ ድምሩም ይሠራል። ዝርዝሩ በቅደም ተከተል ካልተደረደረ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ ኤክሴል በእርከን ፍለጋ ጊዜ ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ አይወርድም፣ ዝርዝሩን ከመሐል ገምሶ የተፈለገው ከላይኛው ወይም ከታችኛው ግማሽ መሆኑን አይቶ ያንኑ ግማሽ እንደገና እየገመሰ ይሄዳል እንጂ። ይህ ዘዴ 1,048,576 ረድፍ ያለውን የዛሬውን ሺት በ20 ያህል ንጽጽር ይጨርሰዋልና ፍጥነቱ አይጣልም፤ ባልተደረደረ ዝርዝር ላይ ግን በዓይን ፊት ያለውን ሰው ስቶ የሌላውን ያመጣል። ስሕተት ጮኾ ቢመጣ ይታረማል፤ የቪሉክአፕ ስሕተት ግን በልኩ የተሰፋ ልብስ ለብሶ የሚመጣ ነው።

ለቆዩ ፋይሎች ሲባል ስሕተትን አቅፎ መኖር በስፕሬድሺት ታሪክ ብቸኛ አጋጣሚ አይደለም። ሎተስ 1-2-3 የ1900ን ዓመት ፌብሩዋሪ 29 ቀን ያለው አድርጎ ይቆጥር ነበር፤ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ግን ያ ዓመት እንዲህ ያለ ቀን አልነበረውም። ኤክሴልም የሎተስን ፋይሎች ያለ ችግር ለመቀበል ብሎ ይህችን ያልነበረች ዕለት እስከ ዛሬ ድረስ በዊንዶውስ እትሙ ጠብቋታል።

ሁለት ሰንጠረዦችን የማገናኘት ጥያቄ በሌላ በኩል ከቪዚካልክ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ መልስ አግኝቶ እንደነበር ማስታወስ ተገቢ ነው። በአይቢኤም የሚሠራው እንግሊዛዊ ኤድጋር ኮድ ሰኔ 1970 ባሳተመው ጽሑፍ መረጃ ሁሉ በሰንጠረዥ ተቀምጦ፣ እያንዳንዱ ረድፍ በማይደገም ቁልፍ ተለይቶ፣ ሰንጠረዦቹም በቁልፉ አቻነት እንዲገጣጠሙ ሐሳብ አቀረበ፤ ዛሬ የባንክና የአየር መንገድ መዝገቦች የቆሙበት የዳታቤዝ ሥርዓት የዚህ ሐሳብ ፍሬ ነው። በኮድ ሥርዓት ቁልፉ የማይደገምና የሚታወቅ መሆኑ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ስፕሬድሺት ግን ይህን አይጠይቅም። አንድ መለያ ቁጥር ሁለት ጊዜ ቢጻፍ ቪሉክአፕ የመጀመሪያውን አንሥቶ ሁለተኛውን እንዳላየ ያልፈዋል። ስፕሬድሺት ለማንም ሰው በር ክፍት የሆነው በዚሁ ልል ባሕርይው ነው፤ ዳታቤዝን የሚያህል ሥራ ሲሸከም የሚንገዳገደውም በዚሁ ነው።

ቁልፉ ቁጥር ሳይሆን ስም ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ከማሽን ወደ ቋንቋ ይሻገራል። ሮበርት ራስል በ1918 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት ሳውንዴክስ የተባለው ዘዴ ስምን በፊደሉ ሳይሆን በድምፁ የሚመድብ ነበር፤ የመጀመሪያውን ፊደል እንዳለ ይዞ የቀሩትን ተነባቢዎች በድምፅ ዘመድነታቸው በቁጥር ይተካቸዋል፣ ስለዚህ አጻጻፋቸው ቢለያይም ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ስሞች በአንድ ኮድ ሥር ይሰበሰባሉ። በ1946 ሐልበርት ደን የአንድን ሰው የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ የማገናኘትን ሥራ አንድ መጽሐፍ ከተበታተኑ ገጾቹ እንደ መጠረዝ አድርጎ ገለጸው፤ በ1969 ደግሞ አይቫን ፌለጊና አለን ሰንተር ሁለት መዝገቦች የአንድ ሰው የመሆናቸውን ዕድል በሒሳብ የሚለኩበትን መንገድ አሳተሙ። ቪሉክአፕ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልወረሰም፤ ለእርሱ ሁለት ስሞች አንድ የሚሆኑት ፊደል በፊደል ሲገጥሙ ነው።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ይህ ግትርነት ከማንም ይልቅ ይከብደዋል። አማርኛ ከግዕዝ የወረሳቸው ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ዛሬ በንግግር የድምፅ ልዩነት የላቸውም፤ በኮምፒውተር ውስጥ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መለያ አላቸው። በዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በተሰጠበት መዝገብ፣ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ሠ 1220፣ ሰ 1230፤ ጸ 1338፣ ፀ 1340 ናቸው፤ ለማሽኑ ከ1220 እስከ 1230 ያለው ርቀት ከማንኛውም ሁለት ፊደል ርቀት አይለይም። «ፀሐይ» የሚለው ስም በመጀመሪያው ፊደል ሁለት፣ በሁለተኛው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ እየተባለ ስድስት ምርጫ ስላለው በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። «ኃይለ ሥላሴ» ደግሞ በመጀመሪያው ፊደል ስድስት፣ በ«ሥ» ሁለት፣ በ«ሴ» ሁለት ምርጫ ስላለው 24፣ ሁለቱ ቃላት ተነጣጥለውም ተጣብቀውም ስለሚጻፉ በጠቅላላው 48 መልክ ይኖረዋል። አንዱ ጸሐፊ በአንድ ሺት ላይ አንዱን፣ ሌላው በሌላ ሺት ላይ ሌላውን ቢመርጥ ሰውየው በሁለቱም ላይ እያለ ኤክሴል የለም ይላል። ሁለቱም ጸሐፊዎች አልተሳሳቱም፤ ማሽኑም አልተሳሳተም።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት፣ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ የአማርኛ መጻፊያዎች የመጀመሪያ እትሞች ፊደላቱን ለሌላ ቋንቋ በተመደቡ ቁጥሮች ላይ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ድልድል ያስቀምጧቸው ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ስም በሌላው ከተጻፈው ያው ስም ጋር በዓይን አንድ፣ በውስጡ ግን ባዕድ ነበር። የአገሬው የስም ሥርዓትም ሥራውን አያቀልለውም፤ የቤተሰብ ስም የሚባል ስለሌለና የሰው ስም ብዙ ጊዜ ከአባቱ ስም ጋር ብቻ ስለሚጻፍ፣ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሰዎች መገኘታቸው አይቀርም። ከስሙ መጨረሻ በማይታይ ሁኔታ የቀረ ባዶ ቦታ፣ በጽሑፍ መልክ የተያዘ ቁጥር፣ በአያት ስም መጻፍና አለመጻፍ የሚመጣው ልዩነት የተጨመሩ እንደሆነ፣ ጠንቃቃ ባለሙያ ከፍለጋው በፊት ሁለቱንም ሺት አጥርቶ፣ ባዶ ቦታዎቹን ትሪም በተባለው ፋንክሽን አራግፎ፣ ሞክሼ ፊደላቱንም በሰብስቲትዩት ፋንክሽን ወደ አንድ ወገን ሰብስቦ መነሣቱ ትክክለኛ አሠራር ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ስምን ትቶ በቁጥር መፈለግ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ሰው የማይደገም ቁጥር መስጠቱ በዚህ በኩል ሲታይ የኮድ የ1970 ሐሳብ ዘግይቶ የመጣ ወንድም ነው።

የፋንክሽኑን የራሱን ጉድለት ተጠቃሚዎች ለረጅም ጊዜ በዘዴ ሲሸፍኑት ኖረዋል። ቪሉክአፕ መልሱን ከሚፈልግበት ዓምድ በስተቀኝ ብቻ ስለሚያነሣና በመሐል አዲስ ዓምድ ሲገባ በቁጥር የተነገረው ዓምድ ስለሚዛባ፣ ቦታውን የሚያገኘውን ማችን ከቦታው ላይ የሚያነሣው ኢንዴክስ ጋር አጣምሮ መጠቀም የባለሙያነት መለያ ሆኖ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2018 የአቻ ፍለጋን ፍጥነት በውስጥ አሠራር አሻሻለ፤ ነሐሴ 28 ቀን 2019 ደግሞ ኤክስሉክአፕን አስተዋወቀ። አዲሱ ፋንክሽን የሚፈለግበትን ዓምድና መልሱ የሚነሣበትን ዓምድ ለየብቻ ይቀበላል፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይመለከታል፤ አቻ ሲታጣ ምን ይጻፍ የሚለውን ከራሱ ከተጠቃሚው ይጠይቃል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምንም ካልተነገረው የሚፈልገው አቻ ነው። ፍራንክስተን ለግብሩ ከጻፈው ሉክአፕ እስከዚህ ድረስ አርባ ዓመት ሆነ። ጎግል ሺትስም ይኸው ፋንክሽን በ2022 ተጨመረለት። ይሁን እንጂ ኤክስሉክአፕ በኤክሴል 2016ም ሆነ በ2019 እትሞች ውስጥ የለም፤ ቪሉክአፕ ግን በሁሉም አለ፤ አራተኛው ቦታ ባዶ ሲተውም የሚፈልገው ዛሬም እርከን ነው።